አረቄን በአንድ ሌሊት አታስጥሉት

ብዙ የሚጠጣ ሰው ያለበት ቤት ትዕግሥቱ የሚያልቀው ድንገት ነው። ደሞዙ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። ወይ ልጁን መትቷል። ወይ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሰው ተሸክሞ አምጥቶታል። ሽማግሌ ይጠራል፣ ይለቀሳል፣ ያስምሉታል። በማግስቱ በር ይቆለፋል። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አትቀምስም!» ይባላል። በሦስተኛው ቀን እሱን በሸክም ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ።

እኔ ደብረ ብርሃን የምሠራ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለሚጠጣው ሰው አይደለም፤ ለሚስቱ፣ ለእህቱ፣ ለልጁ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ ሊሞት ይችላል። መጠጥ እንደሚገድል ሁሉም ሰምቷል። አቋራረጡም እንደሚገድል ግን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ማቆም አለበት፣ በዚህ አንለያይም። የምለምናችሁ ቀኑንና መንገዱን ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትመርጡ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እወቁ

ጠጪን «ስንት ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። መልሱ «ትንሽ» ነው። እኔ ቀኑን ከጠዋት ጀምሬ ነው የምጠይቀው። «አባባ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ተነስተው መጀመሪያ የቀመሱት ምንድን ነው?» እላለሁ። «ቡና» ካሉኝ አንድ ነገር ነው። «አንድ መለኪያ፣ እጄ እንዲረጋልኝ» ካሉኝ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና በመጠጥ የሚረጋለት ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶታል። ቤት ውስጥ ብቻውን ማቆም የሌለበት ሰው እሱ ነው።

ከዚያ ቁጠሩ። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። የቤት አረቄ እንደ አውጪዋ ይለያያል፤ ዳግም የሚባለው፣ ሁለት ጊዜ የወጣው፣ 45 በመቶ ገደማ ነው። ተራው ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ አንዲት መለኪያ ዳግም አረቄ በአልኮሏ አንድ ጠርሙስ ቢራ ታክላለች። በቀን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ዳግም አረቄ የሚጨርስ ሰው ወደ 13 ጠርሙስ ቢራ ጠጥቷል ማለት ነው። «እሱ እኮ ቢራ አይነካም፣ ትንሽ አረቄ ብቻ ነው» ስትሉኝ እኔ የምሰማው ይህን ቁጥር ነው። ጠላም ጠጅም ይቆጠራሉ። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ጨብሲውን አትርሱ። ምርቃናውን ለመስበር ማታ የሚጠጣውን እሱ ራሱ እንደ መጠጥ አይቆጥረውም።

የኛ ከተማ ሰበብ ብርድ ነው። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። አረቄ ሲጠጣ ሰውነት የሚሞቀው እውነት ነው። ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወደ ቆዳ ወጥቶ የሚባክን ነው። ሰክሮ ደጅ ያደረ ሰውን ብርድ ቶሎ የሚገድለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጠጪ ሁሉ ወንድ አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ስትቀምስ ትውላለች። ለደንበኛ ስትቀዳም «አብረሽን ቅመሺ እንጂ» ትባላለች። ከጊዜ በኋላ ሳትቀምስ መዋል ያቅታታል። ነውር ነውና ማንም አይጠይቃትም፣ እሷም አትናገርም። ሴት ደግሞ ከወንድ ባነሰ መጠንና ባጠረ ጊዜ ጉበቷ ይጎዳል። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በዚህ ሥራ ላይ ከሆነች በር ዘግታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቋት።

መጠጡ ሲቋረጥ ምን ይሆናል

አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል። በየቀኑ ሲሆንበት አንጎል በተራው ራሱን ያነቃል። አንድ እግሩን ፍሬን ላይ፣ ሌላውን ነዳጅ ላይ አድርጎ እንደሚነዳ ሹፌር ማለት ነው። ዓመት ከዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ ፍሬኑ በአንድ ሌሊት ሲለቀቅ መኪናው የት እንደሚደርስ የጣርማበርን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይገባዋል።

ሰዓቱን ያዙ፤ ይህ ክፍል የሰዓት ጉዳይ ነው። የመጨረሻዋን መለኪያ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠጣ እንበል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋት ድረስ እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ የለም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ድንገት ሰውነቱ ደርቆ ሊያንፈራፍረው ይችላል። የሚጥል በሽታ ኖሮበት ለማያውቅ ሰው ማለቴ ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ያለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ቅዠቱ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ ግንበኛ አስታውሳለሁ። ቤተሰቡ ይዘውት ሲመጡ እጁን በነጠላ አስረውታል። አልጋ ላይ እንዳስቀመጥነው ጋቢውን መልቀም ጀመረ። በሁለት ጣቱ አንድ ነገር ያነሳል፣ ያየዋል፣ ይጥለዋል። ጉንዳን ነው የሚለቅመው። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ውኃ ልኩ ተዛብቷል፣ አፍርሱት!» እያለ ሠራተኞቹን ይቆጣል። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። የልብ ምቱ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይሮጣል። እናቱ ከጥግ ሆነው «ልጄን ለከፉብኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። «እማማ፣ መጠጥ ካቆመ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ሞላው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

ከቤት ሲታይ ጉዳዩ ልክፍት ወይም እብደት ይመስላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ሕመም ነው። ሕክምና ባልነበረበት ዘመን እዚህ ከደረሱት ከሦስቱ እስከ አንዱ ይሞት ነበር። ዛሬ በጊዜ ከታከሙ የሚሞቱት ከ100 ከ5 ያንሳሉ። ግንበኛው ታክሞ ዳነ፤ ምን ሲለቅም እንደነበር ግን አያስታውስም።

ካንፈራፈረው ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ውኃ አታጠጡት። ዙሪያውን ካለ ድንጋይና እሳት አርቁት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሲበርድለት በጎኑ አስተኙት። ከዚያ ያላችሁት መኪናም ይሁን ባጃጅ፣ ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ማን ቤት ውስጥ ማቆም የለበትም

ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቋርጥ ያንፈራፈረው ወይም የቃዠ ሰው፤ ጠዋት ሳይጠጣ መቆም የማይችል፤ ዕድሜው የገፋ፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሆዱ ያበጠ፤ ትኩሳት ያለው፤ ነፍሰ ጡር፤ ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ፤ ቀንም ሌሊትም አጠገቡ የሚሆን ሰው የሌለው። እነዚህ ተኝተው መታከም አለባቸው። በየጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። እሱ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ስም ፈርታችሁ አትሽሹ። አማኑኤል ገብቶ የወጣ ሰው እብድ ተብሎ ይቀራል እየተባለ ስንት ሰው ቤቱ ውስጥ አለቀ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። መልሴ ሰውን ያስደነግጣል፦ አታስቁሙት። አረቄውን አትድፉበት። መኪና እንዳይነዳ፣ በቢላና በእሳት እንዳይሠራ ጠብቁት፤ መጠጡን ግን በአንዴ አትቁረጡበት። ከለመደው መጠን ሳያልፍ ይቆይ። መቀነስ ከቻለ በቀን በቀን በጥቂቱ ይቀንስ፤ መንቀጥቀጥና ላብ ከጀመረው ቅነሳው ፈጥኗል ማለት ነው። ይሄ ወደ ሕክምና እስክትደርሱ ድረስ ብቻ ነው።

ሕክምና ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዲያዚፓም ነው። መጠኑ በየቀኑ እየቀነሰ ሳምንት ባልሞላ ወይም ሳምንት ገደማ ያልቃል። ለጎረቤት የታዘዘ ዲያዚፓም ለምናችሁ አትስጡት። በላዩ ላይ ከጠጣበት ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ የሚጠጣ ሰው አይበላም። አረቄው ራሱ ሆድ ይሞላል፤ የበላውንም አንጀቱ በደንብ አይወስደውም። ቶሎ ከሚጎድለው ነገር አንዱ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 ነው። አንጎል ስኳርን ለመጠቀም ይህ ቫይታሚን ያስፈልገዋል።

አሁን ቤተሰብ የሚያደርገውን እዩ። ሰውየው ደክሟል፣ አይበላም፣ ይንቀጠቀጣል። ሰፈር ካለ ክሊኒክ ይወስዱትና «አቅም የለውም፣ ግሉኮስ ስቀሉለት» ይላሉ። እኛ አገር ግሉኮስ የድካም ሁሉ መድኃኒት ሆኗል። ግን ቢ1 ባለቀበት ሰው ላይ ስኳር ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ይጨርሳታል፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ ይንቀዋለላል ወይም ሁለት ሁለት ያያል። እግሩን አንፈራጦ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ግራ ይጋባል። ሰው ሲያየው «አሁንም ሰክሯል» ይላል። ሳይጠጣ የሰከረ የሚመስል ሰው ካያችሁ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ አታሳድሩት።

ዘግይቶ ከተገኘ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። የሃያ ዓመት በፊቱን አሳምሮ ይነግራችኋል፤ ጠዋት ምን እንደበላ ግን አያውቅም። ክፍተቱን በፈጠራ ይሞላዋል። ቤተሰብ «ቀጣፊ ሆነ» ይላል። አልቀጠፈም፤ አንጎሉ አዲስ ነገር መያዝ አቅቶታል።

ስለዚህ የትም ክሊኒክ ስትገቡ ይህን አረፍተ ነገር በሉ፦ «በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ነው፤ ከግሉኮሱ በፊት ቢ1 ይሰጠው።» አታፍሩ። ለተጎዳ ሰው በመርፌ መስጠት ይሻላል፣ የሚዋጠው በደንብ አይሰርግለትምና። ቤት ውስጥ ደግሞ ምግብ። መጀመሪያ ቀን ክትፎ አታቅርቡለት፣ አይወርድለትም። አጥሚት፣ ሾርባ፣ በሶ፣ ድንች፣ እንቁላል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ውኃም ይጠጣ።

ጠበል የምትወስዱት ከሆነ

ጠበል አትሂዱ አልልም። እኔም አማኝ ነኝ፤ እዚያ ያለው ጸሎትና ከመጠጥ ቤት መራቁ ሰው ሲያድን አይቻለሁ። ችግሩ ጠበሉ ቦታ መጠጡ የሚቆመው በአንድ ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ጾሙ፣ ብርዱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ይደረብበታል። በሦስተኛው ቀን ሲጮህና ሲወራጭ «ያዘው፣ ሊለፈልፍ ነው» ይባላል፤ ሰውየው ግን ሕክምና የሚፈልግበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሕክምና ላይ አሳልፉና ከዚያ ውሰዱት። ሄዳችሁ ከሆነም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በሰዓቱ ይዋጥ። ለአስጠማቂውም በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሰውነቱ ላይ የምታዩት

ጉበት መጀመሪያ ስብ ይቋጥራል። በዚህ ጊዜ ምንም አያመውም፤ ካቆመ ግን በሳምንታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል። ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ከቀጠለ ይቆጣል፣ ከዚያ ይጠጥራል፤ የጠጠረው እንደ ድሮው አይሆንም። ዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ ማበጥ፣ የእግር ማበጥ፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል። የእግር መዳፍ ማቃጠልና መደንዘዝ የነርቭ ጉዳት ነው። ደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የድምፅ ሳጥን፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጉበት፣ የትልቁ አንጀትና የጡት ካንሰር ከእሱ ጋር ይያያዛሉ።

ራስ ምታት ሲያመው ከሱቅ የሚገዛውን ክኒን ተጠንቀቁ። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበቱን ይደርብበታል፤ ዲክሎፌናክ ጨጓራውን ያደማዋል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መጠጣቱን ለሚሰጡት ሰዎች ተናገሩ፤ ሁለቱም ጉበት ላይ ነው የሚያርፉት።

አእምሮውስ?

አብዛኛው ሰው የሚጠጣው ጭንቀቱ እንዲለቀው ነው። ማታ ይለቀዋል፣ ጠዋት ብሶ ይመጣል። ከዚያ ለዚያኛው ጭንቀት ይጠጣል። ሲተኛ በቶሎ ይወድቃል፤ ግን እንቅልፉ ተቆራርጦ ሌሊት ይባንናል። ትናንት ማታ ያደረገውን «አላስታውስም» ሲል የግድ እየዋሸ አይደለም። አንጎሉ ያን ሰዓት ሳይመዘግበው አልፏል። ሚስቱን ያለ ምክንያት የሚጠረጥር፣ ስልኳን የሚበረብር፣ መንገድ ላይ የሚከታተላት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። እህቴ፣ «ሲጠጣ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው» ብለሽ አትቀመጪ። የዚያን ቀን ማታ የምታድሪበት ሌላ ቤት ይኑርሽ፤ መታወቂያሽንና የልጆቹን ልብስ አስቀድመሽ አስቀምጪ።

የድብርት ስሜቱ ብዙ ጊዜ ካቆመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ካልቀለለ ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ይታከም። ስለ ሞት ካወራ ግን ሳምንት አትቁጠሩ። በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» በሉት። መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም። «አዎ» ካለ ብቻውን አይደር፤ ገመዱንና የተባይ መርዙን ከቤት አውጡ፣ ያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እንዴት እናናግረው?

ሰክሮ ሲገባ አትጨቃጨቁ። በማግስቱ፣ እጁ ረግቶ ገና ሳይሰክር፣ አንድ የሚያከብረው ሰው ብቻ ያናግረው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የሚያፋጥጠው ሰው ከጉባኤው ወጥቶ በቀጥታ ግሮሰሪ ነው የሚገባው። ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ዕለት ቁልፉን በሩ ላይ ማስገባት አቅቶህ ልጅህ እያየ አለቀሰ።» ሰካራም፣ የማትረባ፣ አሳዳሪ አልባ የሚሉ ቃላት ይቅሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ አብሯችሁ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ። «ለዘላለም አቁም» ከባድ ነው። «ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሂድ» ግን ይቻላል። የአረቄ ቤት ዱቤውን መክፈል አቁሙ። ለአሠሪውም «አሞት ነው» እያላችሁ አትዋሹለት።

ካቆመ በኋላ ያሉት ወራት የመንገድና የበዓል ጉዳይ ናቸው። ከሥራ ሲመለስ ግሮሰሪው ያለበትን ጎዳና ትቶ በሌላ ይምጣ። ደሞዝ የሚቀበልበት ቀን ሰው ይቀበለው። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ተዝካር ሲጠራ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ፣ ጋባዦቹም አስቀድሞ ይነገራቸው። ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቅረብለት፤ ግን የዚያን ቀን የተበረዘ ይሁን፣ ሲቆይ ይፈላልና። «አንዲት ብቻ፣ ለደስታችን» የሚለውን አጎት ከበር ላይ ያዙት፤ የዛሬ ጠላታችሁ እሱ ነው።

ቢመለስበት ደግሞ ያንኑ ስህተት አትድገሙ። እንደገና በር አትቆልፉበት። በድንገት ማቋረጥ በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው መንፈራፈርና ቅዠት ይከፋል። በፊት በቀላሉ ያለፈው ሰው በሦስተኛው ላይ አያልፈው ይሆናል። ያው መንገድ ነው፦ ቁጠሩ፣ ቀጠሮ ያዙ፣ ቢ1 ጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ስትመጡ የመጨረሻውን የጠጣበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል፣ ካርዱን፣ አንፍራፍሮት ያውቅ እንደሆነ ያየ ሰው፣ ሌሊት የሚያድርለት ሰው። ጋቢም ያዙ፤ የኛ ክፍል ሌሊት ይቀዘቅዛል።